የጠፋ ድምፅ ፍለጋ፤ በቤት ሲኒማ ስለሚያጋጥም የድምፅ ጉድለትና ስለ አመራመሩ



በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ በሰፊው የታወቀ ነው። ከየአገሩ የተነሣ ተማሪ ድጓውን በሌላ ቦታ ተምሮ ቢያጠናቅቅም እንኳ፣ ወደዚያ ወጥቶ ዜማውን በመምህሩ ፊት ማሰማትና ማስመስከር የቆየ ሥርዓት ነው። በዚያ ቦታ ፈታኙ ጆሮ ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) እንደ ደረሱት የሚነገርላቸው የዜማ ምልክት በብራና ላይ ተጽፎ ቢገኝም፣ ይዘቱና ደረቱ፣ ሂደቱና ርክርኩ በትክክል መውጣቱን የሚፈርደው ያንኑ ዜማ ዕድሜ ልኩን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

በዚህ ንግግር ስለ ቤት ሲኒማ ድምፅ ሲነገር ከቤተ ልሔም መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ የሊቃውንቱ ዜማ በካሴት፣ በሲዲና በእጅ ስልክ እየተቀዳ ከማኅሌቱ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። በመኖሪያ ቤትም የሚሰማው ቤተሰቡ ማታ ማታ ፊልም በሚያይበት፣ በተለምዶ «ሆም ቴአትር» በሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ፊልሙም ዜማውም አብረው ይበላሻሉ፤ ልዩነቱ ፊልሙን የሚያየው ሰው ያልሰማውን ቃል ከሥዕሉ ሊገምት ሲችል፣ በቅጂ እየተረዳ ቀለሙን የሚያጠናው ተማሪ ግን የተበላሸውን እንደ ትክክል አድርጎ ሊይዘው መቻሉ ነው። ርክርኩ በገደል ማሚቶ ተውጦ ለስላሳ ሂደት መስሎ ከተሰማው፣ እንደዚያው ይዞት መምህሩ ፊት ይቀርባል።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲደርስ የተለመደው ፍርድ ሦስት ዓይነት ነው። «ቅጂው መጥፎ ነው» ይባላል፤ «የባለ ድምፁ ጉሮሮ ደክሟል» ይባላል፤ ወይም «ይህ መሣሪያ አቅም የለውም፣ ተለቅ ያለ ይገዛ» ይባላል። ሦስተኛው ፍርድ ገንዘብ የሚያስወጣ በመሆኑ ከሁሉ ይከፋል። በእርግጥ መሣሪያ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለጥገና ከሚቀርበው አቤቱታ ብዙው መንሥኤው በገመድ፣ በመሣሪያው አሰነዳድና በክፍሉ ጠባይ ውስጥ ነው፤ ይህም በጆሮና በሥርዓት በሚደረግ ምርመራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ምንም መለዋወጫ ሊገኝ የሚችል ነው።

አስቀድሞ ጉድለት ያልሆነውን ከጉድለት መለየት ያስፈልጋል። የቤት ሲኒማ ሙሉው አደረጃጀት አምስት ስፒከሮችና አንድ የወፍራም ድምፅ ሳጥን ያለው ነው። አንዱ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር በመካከል ይቀመጣል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ ከተመልካቹ ፊት በ30 ዲግሪ ያህል ገለል ብለው ይቆማሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ከጎንና ከኋላ፣ በ110 ዲግሪ አካባቢ ይሆናሉ። ይህ አደረጃጀት በዶልቢ ዲጂታል አማካይነት ወደ ሲኒማ አዳራሽ የገባው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዲቪዲ ወደ መኖሪያ ቤት ወርዷል። በአገራችን ግን ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ከጀመረበት ከ1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚተላለፈው የአማርኛ ዝግጅት በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት መስመር የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ «የኋላዎቹ ስፒከሮች አይሠሩም» የሚለው እጅግ የተለመደ አቤቱታ፣ ዜና ወይም የአገር ውስጥ ድራማ በሚታይበት ጊዜ የቀረበ ከሆነ፣ አቤቱታ ሊባል አይገባውም፤ ያልተላከ ድምፅ አይሰማምና። የኋላዎቹ ስፒከሮች መሥራታቸውን ለማረጋገጥ በመሣሪያው ውስጥ የተዘጋጀውን የመፈተኛ ድምፅ በየተራ ማሰማት ይበቃል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ በፊልም አሠራር ተዋናዩ የሚናገረው ቃል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ መካከለኛው ስፒከር የሚላክ መሆኑ ነው። ሙዚቃው፣ ዝናቡና የመኪናው ድምፅ ወደ ጎን ይከፋፈላል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከዚህ ቀጥሎ ለሚነገረው እንግዳ በሽታ ዋናው ቁልፍ ነው።

በሽታው ይህ ነው። ፊልሙ ይታያል፤ ሙዚቃው ይሰማል፤ የበሩ መዘጋት፣ የእግሩ ኮቴ፣ የነፋሱ ሽውታ ሁሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ቃላቸው የለም፤ ቢኖርም ከግድግዳ ወዲያ ማዶ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ነው። ባለቤቱ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፤ ቃሉ ግን አሁንም የለም። ይህ ጉድለት ለሦስት ፍጹም ለተለያዩ መንሥኤዎች አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚያሳይ፣ ጀማሪ ጠጋኝ አምፕሊፋየሩን ፈቶ ሳያገኘው ይመሻል።

የመጀመሪያው መንሥኤ የአሰነዳድ ነው። በቤቱ ያሉት ስፒከሮች ሁለት ብቻ ሆነው ሳለ፣ የዲቪዲ ማጫወቻው ወይም ሪሲቨሩ ስድስቱም እንዳሉ ተደርጎ ተሰናድቷል። መሣሪያው ታማኝ ነውና ቃሉን ወደ መካከለኛው መስመር ይልከዋል፤ በዚያ መስመር መጨረሻ ላይ ግን ስፒከር የለም። መድኃኒቱ በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ስድስቱ መስመር ወደ ሁለት እንዲጨመቅ ማዘዝ ብቻ ነው። ከተገጠሙት ስፒከሮች መካከል የመካከለኛው ገመድ ተፈትቶ ሲቀርም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው የሽቦ መገላበጥ ነው። በሁለት መስመር በተቀዳ ሥራ የተናጋሪው ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ሆኖ ይገኛል። ከሁለቱ ስፒከሮች የአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስበዋል። በመካከል ለተቀመጠው ሰሚ ሁለቱ ይጣፋሉ። መጣፋቱ በተለይ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ይበረታል፤ ከበሮው ባዶ ጣሳ ይመስላል፤ የተናጋሪው ቃልም ቦታ አጥቶ በራስ ዙሪያ ይንሳፈፋል። ሽቦውን በአንደኛው ስፒከር ላይ ብቻ መልሶ መገልበጥ በሽታውን በአንድ ደቂቃ ይፈውሰዋል። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርቦ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ገልብጦ ማዳመጥ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚጠነክርበት አስተሳሰር ትክክለኛው ነው። የሽቦው ቀለም ከጠፋ ደግሞ ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ፈትቶ 1.5 ቮልት የሆነ የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል። የድንጋዩ አወንታዊ ጫፍ የስፒከሩን አወንታዊ ጫፍ ሲነካ የወፍራሙ ስፒከር ሽፋን ወደ ውጭ ብቅ ይላል።

ሦስተኛው መንሥኤ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ትንሽነቱም ማንም አይጠረጥረውም። ከስልክ ወይም ከቴሌቪዥን ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ጃክ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር፣ ወይም በውስጡ ያለው የጋራ መመለሻ ሽቦ ሲበጠስ፣ የግራውና የቀኙ መስመር አንዱ በሌላው በኩል መመለስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ይሆናል። በሁለቱም እኩል የነበረው፣ ማለትም የተናጋሪው ወይም የአዜመኛው ድምፅ፣ ከራሱ ላይ ተቀንሶ ምንም ሆኖ ይቀራል። የሚቀረው የጽናጽሉ ርጋፊና የተሰበሰበው ሕዝብ ሁካታ ነው። ዜማው የተቀዳበትን ሰው ጉሮሮ የሚያስወቅሰው እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ስንዝር የማትሞላ የገመድ ጫፍ ናት።

ሦስቱን ለመለየት መሣሪያ መፍታት አያስፈልግም። ባለሙያው አስቀድሞ መሣሪያውን ተራ ስቴሪዮ በሚባለው አሠራር ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ከመካከል ተነሥቶ ጆሮውን ወደ አንዱ ስፒከር ብቻ ያስጠጋል። ቃሉ በእያንዳንዱ ስፒከር ለየብቻው ጥርት ብሎ ከተሰማና በመካከል ሲቆም ከጠፋ፣ ጥፋቱ የሽቦ መገላበጥ ነው። በአንዱም ስፒከር ዘንድ ቃል ከሌለ፣ በዚያው መስመር ተራ ዜና ወይም ራዲዮ ያሰማል። የዜና አንባቢው ከተሰማና የፊልሙ ተዋናይ ካልተሰማ፣ ጥፋቱ የስድስቱ መስመር አሰነዳድ ነው። የዜና አንባቢውም ከጠፋ ጃኩን ገፋ አድርጎ ማስገባት፣ አልሆነም እንደ ሆነ ገመዱን መለወጥ ነው። እዚህ ድረስ ቴስተር አልተነሣም፤ ካቻቢቴም ከኪስ አልወጣም።

ከዚህ ምሳሌ ውስጥ ለሌላውም ጉድለት የሚሆን አንድ ዘዴ አለ። የድምፁ ሰንሰለት ከማጫወቻው ይጀምርና በገመድ፣ በአምፕሊፋየር፣ በሽቦ፣ በስፒከርና በክፍሉ አልፎ ጆሮ ላይ ያበቃል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱን ቀለበት መፈተሽ ጊዜ ይፈጃል። ሰንሰለቱን በመካከል ከፍሎ ግራውንና ቀኙን ማለዋወጥ ግን ግማሹን በአንድ ጊዜ ነጻ ያወጣዋል። የግራው ስፒከር አይሠራም እንበል። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡት ሁለት ገመዶች ይለዋወጡ፤ ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ በግራ ከቀረ ከአምፕሊፋየሩ ጀምሮ ወዲህ ነው። በቀረው ግማሽ ላይም እንዲሁ ይደረጋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ በመለዋወጥ የታመመው ቀለበት ብቻውን ይቀራል።

የማያቋርጥ እምምታ ሌላው የተለመደ አቤቱታ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ የድምፁ ማዞሪያ ሲቀነስ እምምታው አብሮ ይቀንሳል ወይ የሚል ነው። አብሮ ከቀነሰ የሚገባው ከማዞሪያው በፊት፣ ማለትም ከማጫወቻው ወይም ከገመዱ ነው፤ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሆኖም ካልተለወጠ የሚፈጠረው ከማዞሪያው በኋላ ባለው ክፍል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የእምምታው ውፍረት ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። የተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል በማጣሪያው ኮንደንሰር መድከም ምክንያት ሲያፈስ የሚሰማው 100 ሄርትዝ ነው፤ ይህም በመንገድ ዳር በእንጨት ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ከሚያሰማው እምምታ ጋር አንድ ስለ ሆነ ጆሮ በቀላሉ ያውቀዋል። ከዚያ በእጥፍ የወፈረው የ50 ሄርትዝ እምምታ ግን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው መታመሙን የሚያመለክት አይደለም፤ መሣሪያዎቹ በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተገናኝተው በመካከላቸው ዙሪያ ገጠም መሥመር ተፈጥሯል ማለት ነው። በቤት ውስጥ የዚህ ዋና ተጠርጣሪ ከጣራ የሚወርደው የዲሽ ኬብል ነው። ኬብሉ ከሪሲቨሩ ሲፈታ እምምታው ካቆመ ተጠርጣሪው ተይዟል። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ማስነሣትና የዲሹን ኬብል ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር ማገናኘት ተገቢው ጥገና ነው።

በዚህ ላይ ጠበቅ ተደርጎ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ጠጋኝ እምምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ይቆርጣል። እምምታው ይጠፋል፤ አብሮም የሰው ሕይወት መጠበቂያ ይጠፋል። በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ አምልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ያ የተቆረጠ እግር ፊውዙን የሚያቃጥለው መንገድ ነበር፤ አሁን ግን መንገዱ የሰው እጅ ነው። በጋይንትና በስማዳ ደጋ ክረምቱ መብረቅ የሚበዛበት በመሆኑ፣ ደመና ሲከብድ የኃይሉንም የዲሹንም ገመድ ነቅሎ ማኖር የቤተሰብ ልማድ ሊሆን ይገባል። ከኃይል የተነቀለ አምፕሊፋየርም ቢሆን በኮንደንሰሩ ውስጥ ክምችት ይዞ ይቆያልና ወዲያው ተከፍቶ በእጅ አይነካም።

ስለ አቅም ማነስ የሚቀርበው አቤቱታ ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ንፋስ መውጫና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ጥግግቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ነው። የስፒከሩ ሽፋን በባሕር ዳርቻ የሚንቀሳቀሰውን ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለ ሆነ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት በ3 ዴሲቤል ያህል ያንሳል፤ ይህም የአምፕሊፋየሩን ኃይል በግማሽ እንደ መቀነስ ይቆጠራል። በዚህ ላይ የመስመር ጫፍ ላይ ባለ መንደር ማታ ማታ፣ እያንዳንዱ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ በየቤቱ ሲጣድ፣ 220 የነበረው ቮልት 165 ሊወርድ ይችላል። የተለመደው የትራንስፎርመር አሠራር ባለው አምፕሊፋየር ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ 100 ዋት የነበረው 56 ዋት ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ በካርቶኑ ላይ 100 ዋት የተጻፈበት መሣሪያ በጋይንት ምሽት የሚሠራው በባሕር ዳርቻ ያለ የ28 ዋት መሣሪያ የሚሠራውን ያህል ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ራሱ የተጋነነ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ስሌት ሰውን ወደ ትልቅ መሣሪያ የሚገፋ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለጆሮ የድምፅን ጉልበት እጥፍ ለማድረግ ኃይሉን አሥር እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት የገዛ ሰው ያገኘው ያንኑ 3 ዴሲቤል ነው። በግማሽ መቀራረብ፣ ማለትም ስፒከሩን ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር ማምጣት፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከዚህ ያላነሰ ጥቅም አለው፤ ሳንቲም አያስወጣም። በደከመ ኃይል ላይ ማዞሪያውን እስከ ጫፍ መክፈት ግን አደገኛ ነው። አምፕሊፋየሩ መስጠት ከሚችለው በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ድምፅ ሻካራ ሆኖ በቀጭን ድምፅ ኃይል ይሞላል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከርም ይቃጠላል። ስፒከር የሚቃጠለው በትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀላሉ አየር ሙቀትንም በደንብ አያነሣም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከላይና ከጎን የሚተነፍስበት ቦታ ይፈልጋል፤ ለጌጥ የሚለብሰው ዳንቴል ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ይሁን እንጂ ለእርሱ አይሆንም።

ሥዕሉና ድምፁ ሲለያዩ የሚደረገው ምርመራ አጭር ነው። ለዚህ የማኅሌት ቪዲዮን የሚያህል መፈተኛ አይገኝም፤ የከበሮ መቺው መዳፍ ቆዳውን የሚነካበት ቅጽበት በዓይን ይታያልና። ድምፁ ከሥዕሉ በ45 ሚሊ ሴኮንድ ቢቀድም ወይም በ125 ሚሊ ሴኮንድ ቢዘገይ ሰው ልዩነቱን ማስተዋል እንደሚጀምር የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ አሳብ ያስረዳል። መቅደሙ ይበልጥ የሚያስከፋው በተፈጥሮ ከቶ የማያጋጥም ስለ ሆነ ነው። ድምፅ ከቀደመ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር ጊዜ እየወሰደ ነው፤ በአምፕሊፋየሩ የማዘግያ አሰነዳድ ይስተካከላል። ድምፅ ከዘገየ ግን ማዘግያው ይባስ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው ስፒከሩ በብሉቱዝ መገናኘቱ ስለ ሆነ ገመድ መልሶ መትከል ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቃሉ የማይለይበት ቤት ይኖራል። ያን ጊዜ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት፣ ክፍሉ ራሱ፣ ይመረመራል።

በዚህ ነገር ላይ የመጀመሪያውን ሥርዓት ያለው ጥናት ያደረገው ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ የማስተማሪያ አዳራሽ መምህሩ የሚናገረው ቃል እርስ በርሱ እየተደራረበ የማይሰማበት ሆኖ በመገኘቱ፣ ወጣቱ የፊዚክስ መምህር እንዲያስተካክለው ታዘዘ። በዚያ አዳራሽ የተነገረ ቃል ከአምስት ሴኮንድ በላይ እየተንከባለለ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካ ጀመር። ትራሱ በጨመረ ቁጥር ጊዜው አጠረ። ከዚህ የተገኘው ሕግ፣ ድምፅ በክፍል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር እየጨመረ፣ ድምፅ ከሚውጠው ነገር መጠን ጋር እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ያስረዳል። ቁጥሩም 0.161 ነው።

ይህ ሕግ በአንድ የደጋ ቤት ላይ ይሞከር። ክፍሉ 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም የተቀባ፣ በውስጡ ከጥቂት ወንበርና ከቴሌቪዥኑ በቀር ዕቃ የሌለው ይሁን። ይዘቱ 56 ሜትር ኩብ ነው። የውስጥ ገጹ በጠቅላላው 90 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን ከሚመታው ድምፅ አምስት በመቶ ብቻ ይውጣል ቢባል፣ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ 2 ሴኮንድ ያህል ይቆያል። ንግግር በጥራት እንዲለይ ግን በዚህ ስፋት ባለ ክፍል ግማሽ ሴኮንድ የማይሞላ መሆን አለበት። በእንዲህ ያለ ቤት የአምፕሊፋየሩን ኃይል መጨመር ቃሉንም የቃሉን ጅራትም እኩል ማጉላት ስለ ሆነ አንዳች አይጠቅምም። 10 ካሬ ሜትር የሚሆን ወፍራም ባና ወይም ብርድ ልብስ ታጥፎ ከግድግዳው ጥቂት ገለል ብሎ ሲሰቀል ግን የመቆያ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የሚሰቀልበትም ቦታ እንዳጋጣሚ አይደለም። አንድ ሰው መስተዋት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ሲያዘዋውር፣ ከተመልካቹ ወንበር ሆኖ ስፒከሩ በመስተዋቱ የሚታይበት ነጥብ ድምፁ ነጥሮ የሚመለስበት ቦታ ነው። በወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከተመልካቹ ኋላ መጋረጃ ሲጨመር ቃል ከቃል ይለያል። የማዳበሪያ ኮርኒስ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

ወፍራሙ ድምፅ ለብርድ ልብስ አይገዛም። 100 ሄርትዝ የሆነ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለውን በጨርቅ መያዝ አይቻልም። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል በተለይ አስቸጋሪ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስተጋባው በ42.5 ሄርትዝ ላይ ስለሚገጥም አንዱ የከበሮ ምት ሁለት ሆኖ ሲያብጥ፣ ሌላው ጨርሶ ይጠፋል። እዚህ ላይ የሚሠራው ቦታን መለወጥ ነው። የወፍራሙን ድምፅ ሳጥን ለጊዜው በተመልካቹ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሰሚው ራሱ በግድግዳው ዳር ጎንበስ ብሎ እየዞረ ከበሮው እኩልና ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ስፍራ ይፈልጋል፤ ሳጥኑም በዚያ ስፍራ ይተከላል። ሲያዩት ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ቤተ ልሔምን ጎብኝቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ በዚያ በትልቁ ክብ የሣር ክዳን ውስጥ ከእርሱ የቀደመ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ይገኝ ነበር። ይህ ለድምፅ ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። የድንጋዩ ግንብ ድምፅን ሲመልስ፣ ከላይ ያለው ወፍራም ሣር በመካከሉ አየር የያዘ በመሆኑ ወደ ላይ የወጣውን ድምፅ አብዛኛውን ይውጠዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቆም አዜመኛ ከግንቡ የሚመለስለትን የራሱን ድምፅ እየሰማ፣ ርክርኩም ሳይደባለቅበት ያዜማል። ሣር በቆርቆሮ በተለወጠበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ቆርቆሮ መላሽ ነውና። ከቆርቆሮ ሥር፣ ከአዜመኛው በሩቅ በተተከለ ማይክሮፎን የተቀዳ ዜማ የዚያን ቤት ጅራት ይዞ ይመጣል፤ ያንን ጅራት መኖሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ መቁረጥ አይቻልም። የሚቻለው የራስን ቤት ጅራት አለመጨመር ነው።

ከዚህም የተነሣ የዜማ ቅጂ በሚሰማበት ጊዜ በቤት ሲኒማው ላይ «አዳራሽ»፣ «ስታዲየም»፣ «ቤተ ክርስቲያን» በሚል ዓይነት ስም የተሰየሙት አሠራሮች ሁሉ መዘጋት አለባቸው። እነዚህ ሰው ሠራሽ የገደል ማሚቶ ይጨምራሉ፤ ለፊልም ፍንዳታ ይደምቁ ይሆናል፤ ከማኅሌት ለመጣ ድምፅ ግን በቤተ ክርስቲያን ላይ ቤተ ክርስቲያን መደረብ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያሳብጠው ቁልፍም እንዲሁ ይዘጋል፤ ከበሮው የአዜመኛውን ዝቅተኛ ድምፅ፣ በተለይ ግዕዝ ዜማውን፣ ይሸፍነዋልና። ተማሪው ለጥናት የሚሰማ ከሆነ ከስድስቱ ስፒከሮች ይልቅ አንዱን ብቻ ከፍቶ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ማዳመጡ ይመረጣል። በዚያ ርቀት ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ከግድግዳ ከሚመለሰው ይበልጣል፤ የርክርኩም እያንዳንዱ ንዝረት ተለይቶ ይቆጠራል።